በምስር ወጥ የጠፋ ስም

«ጡብ! ጡብ ፈጭታ ትሸጣለች አስባሉኝ! ሰው በበርበሬዬ ሲምል እንዳልኖረ፣ ዛሬ በእርስዎ አፍ የጡብ ነጋዴ ሆኜ ልቅር?»

ኦሎምፒያ፣ ካፌው በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው ይሄ። ዙለይካ ደግሞ ሹክሹክታ የሚባል ነገር አልተፈጠረባትም። ዕድሜዋን ሙሉ የወፍጮ ሞተር ሲጮኽ፣ እሷ ከሞተሩ በላይ እየጮኸች «ቀጣይ! ማሽላ ያለሽ ወደዚህ!» ስትል የኖረች ሴት ናት። ሞተሩ ጠፍቶም ድምፅዋን የሚቀንስላት አልተገኘም። የበረንዳው ሰው ሁሉ ማኪያቶውን ከንፈሩ ጋ እንዳደረሰ ቀረ። «ቦሌ! ቦሌ! አንድ ሰው!» ሲል የነበረው የሚኒባስ ረዳት እንኳን ዝም አለ። በሙያው ተበለጠ፣ ምን ያድርግ።

ጋሽ ሃብተአብ ግን ምንም አልመሰላቸውም። ስኳር የሌለው ማኪያቷቸውን ያማስላሉ። ስኳር ከሌለው ምኑን እንደሚያማስሉ እግዜር ይወቀው። አፋቸውን በትግርኛ የፈቱ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው፤ ቂርቆስ ውስጥ «ሃው አር ዩ» ማለት የሚችል ጎልማሳ ሁሉ እሳቸው ጋ የተገረፈ ነው።

«ዙለይካ፣ ቁጭ በዪ እስቲ፣ ሰው እያየን ነው።»

«ይይ! ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት ሲናገሩ ማን አየኝ ብለው ነበር?»

«ጡብ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም! እኔ ያልኩት ‹ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል› ነው። እሱንም ለጎኔ ሰው ብቻ።»

«ጎንዎ ማን ነበር?»

ጋሽ ሃብተአብ ማንኪያዋን አቆሟት። «አቶ ብርሃነ።»

«አቶ ብርሃነ! ጆሮው የከበደው! ለሱ ነው በሹክሹክታ የነገሩት?»

እዚህ ላይ በረንዳው ሳቀ። ጋሽ ሃብተአብ ብቻ አልሳቁም፤ ልክ ነበረች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የድሮ ካዛንቺስ ሰዎች እድር ላይ እማማ አርያም የሚባሉ ሴትዮ ነበሩ፣ አረፉ። ካዛንቺስ ከፈረሰ ወዲህ የእድሩ ሰው ከጆንያ እንደፈሰሰ ሽንብራ ነው፤ ግማሹ ገላን፣ ግማሹ አራብሳ፣ ጥቂቱ ላንቻ ተንከባለለ። ሰርግ ሲሆን «ራቀን» ብለው ይቀራሉ፤ ለቅሶ ግን ማንም አይቀርም። ስለዚህ ላንቻ ድንኳን ሲጣል ሁሉም መጣ። ምስር ወጥ ተሠራ። በርበሬው የዙለይካ። ይሄ ደግሞ የቆየ ነው፤ ከእድሩ ሰው ክርስቲያን ይሙት እስላም፣ የለቅሶ ቤቱን በርበሬ ዙለይካ ታመጣለች። ያዘዛትም የለም፣ የጠየቃትም የለም፣ በቃ ታመጣለች።

ጋሽ ሃብተአብ ጎረሱ። አኘኩ። ፊታቸው የሆነ ነገር ሆነ። አቶ ብርሃነ፣ የእድሩ ሊቀመንበር ማለት ነው፣ «ምን ሆንክ?» አላቸው። «ምስሩ ጥርስ ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል» አሉ። «እ?» አለ አቶ ብርሃነ። እና ጋሽ ሃብተአብ ለክፍል ተማሪ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ቃሉን ለሁለት ከፍለው፣ «ቀጭ! ቀጭ! ይላል! በርበሬው!» አሉ። በዚያች ቅጽበት አልቃሿ ትንፋሽ እየወሰደች ነበር። ድንኳኑ ጭጭ ብሎ ነበር። ዕድል ነው።

ከዚያ ወሬው መንገድ ጀመረ። የድንኳኑ በር ላይ፣ ጫማ ሲፈለግ፣ «መምህሩ አሸዋ አገኘሁበት አለ» ተባለ። ወደ ገላን በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ «አሸዋ እየቀላቀለች ነው እንዴ?» ሆነ። ገላን ሲወርዱ አንዷ ቆም ብላ፣ «እንዴ፣ ካዛንቺስ ሲፈርስ ያ ሁሉ ጡብ የት የገባ ይመስልሻል?» አለች፤ ጡቡ የገባው እዚህ ጋ ነው። አራብሳ ሲደርስ ዙለይካ ታስራ በዋስ ወጥታ ነበር። በመጨረሻም ወሬው ዞሮ ላንቻ ተመለሰና አንዲት መንገደኛ ሴት ራሷ ዙለይካ በር ላይ ቆማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ፣ እዚህ ሰፈር ጡብ ፈጭታ የምትሸጥ አንዷ አለች አሉ፣ አንቺም ነጋዴ ነሽ፣ ስምሽን እንዳታበላሽብሽ ተጠንቀቂ» አለቻት። ለራሷ፣ ስለ ራሷ! ዙለይካ፣ ከጩኸት በቀር ምንም የማታውቀዋ ዙለይካ፣ «እሺ አመሰግናለሁ» ብቻ አለች።

ዙለይካን ለማያውቃት ትንሽ ልንገር። ከስልጤ የመጣችው በልጅነቷ፣ ካዛንቺስ ያለች አክስቷ ጋ ሆና ልትማር ነበር። አክስትየዋ ወፍጮ ቤት ነበራት። ትምህርት ቤቱና ወፍጮ ቤቱ እኩል ነው የሚከፈቱት፤ ወፍጮ ቤቱ ግን ይጮኻል፣ ስለዚህ አሸነፈ። አክስቷ ስትሞት ወፍጮውም፣ ደንበኛውም፣ ጩኸቱም የሷ ሆነ። ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች፤ ልጆቹም እየጮኹ አደጉ።

በርበሬ ላይ ግን ሌላ ሰው ናት። ማረቆ ድረስ ወርዳ ዛላውን ጆሮዋ ጋ እያደረገች ታንኮሻኩሸዋለች፤ ውስጡ ያለው ፍሬ ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም ብላ ትመልሳለች። ነጋዴዎቹ «ስልክ እያወራች ነው» ብለው ሙድ ይይዙባት ነበር። ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከኮረሪማው ጋር ቀጥቅጣ፣ አድርቃ ስታስፈጭ ደግሞ ቁንጥር ታነሳና የእጇ አንጓ ላይ አድርጋ ትልሳለች። ዝም ካለች ጥሩ ነው ማለት ነው። ካወራች ይመለሳል። ታፔላ ሰቅላ አታውቅም፤ «የዙለይካ» ከተባለ በቃ፣ ሌላ ጥያቄ የለም። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወፍጮው ተነቀለ፣ ቤቱ ሄደ። ላንቻ አንድ በር ተከራየች፤ የምታስፈጨውም የሰው ወፍጮ ላይ ነው። ጭነት መኪና ሳያስፈልገው ተከትሏት የመጣው ስሟ ብቻ ነበር።

እሱ ነው እንግዲህ በምስር ወጥ የተበላው።

ይሄ ሁሉ ደግሞ «ወሬ ነው፣ ያልፋል» ይባል ነበር፣ ጀማነሽ ባትመጣ። ጀማነሽ ድግስ አብሳይ ናት። እሷ ያላማሰለችው ሰርግ እንደ ሰርግ አይቆጠርም፤ የፋሲካ በርበሬዋን ሁልጊዜ ከዙለይካ ነው የምትወስደው፤ እሷ የወሰደችውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ይወስዳል። መጣችና፣ በዚያ የሽንኩርት ጭስ በደፈነው አፍንጫዋ፣ «ዙሌዬ፣ እኔ አላመንኩም፣ ማርያምን» አለች። «ግን ምን ልበልሽ፣ ሰዉ ሲበላ ጥርሱን እያዳመጠ ነው። ባለፈው አንዱ ሰርግ ላይ ሙሽራው ራሱ ጎርሶ ዝም አለ። ጆሮውን አቆመ በቃ!»

«የኔ በርበሬ ነበር?»

«አልነበረም እኮ! እሱ ነው የሚያናድደው። ቀይ ነገር ሲያዩ አንቺን ነው የሚያስቡት።» ከዚያ ነጠላዋን እያስተካከለች መርዶውን ተናገረች። «መምህሩ እዚያው በተናገረበት ሰው ፊት፣ የእማማ አርያም አርባ ላይ፣ ቃሉን ካላነሳ ለፋሲካ ካንቺ መውሰድ አልችልም። እኔም ስም አለኝ።»

ዙለይካ ሻሿን አሥራ በቀጥታ ኦሎምፒያ ሄደች።

«ይመልሱልኝ» አለች አሁን፣ ወንበር ስባ እፊታቸው እየተቀመጠች።

«ምኑን?»

«ስሜን።»

«እኔ ስምሽን አላጠፋሁም። በእንግሊዝኛ ስላንደር የሚባለው ውሸት ሲሆን ነው። እኔ ደግሞ የተሰማኝን ነው የተናገርኩት። የተሰማኝን ነገር አልተሰማኝም ብዬ አርባ ላይ ልዋሽ?»

«እንግሊዝኛውን ያምጡት፤ ዛሬ አልፈራውም። ምንድን ነው እሱ ቃል?»

ተሳሳተች። ጋሽ ሃብተአብን ቃል ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የቧንቧ መዝጊያ ነቅሎ እንደመሄድ ነው። ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፊታቸው በራ፤ ጠቡንም ረሱት መሰለኝ።

«መጀመሪያ» አሉ ጣታቸውን አንስተው፣ «ግሪኮቹ ጋ ስካንዳሎን ነበር። የወጥመድ ነገር። ኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ተቀምጦ ሰው የሚጥል ድንጋይ።»

«ድንጋይ?»

«ድንጋይ። መጽሐፉ ማሰናከያ የሚለው። ላቲኖቹ ወሰዱና ስካንዳሉም አሉት፤ እነሱ ጋ ደግሞ ሰውን ከእምነቱ የሚጥል ነገር ሆነ። አየሽ፣ እግር ነበር የሚመታው፣ ነፍስ መምታት ጀመረ።»

«ይቀጥሉ።»

«ፈረንሳዮቹ አፋቸው ላይ አሽሞንሙነው ኤስክላንድር አሉት፤ ቅሌት፣ የሚያዋርድ ወሬ። ባሕር ተሻግሮ እንግሊዞቹ ጋ ሲገባ ስላንደር ሆነ። እዚያም መጀመሪያ ውርደቱም ራሱ፣ የሰውየው ስም መበላሸቱ፣ በሱ ይጠራ ነበር። ቀስ እያለ ከተዋረደው ሰው ላይ ተነሳና ወደ አዋራጁ አፍ ገባ። ከዚያ ዳኞቹ ያዙት። በአፍ ከሆነ ስላንደር፣ በጽሑፍ ከሆነ ላይብል። ላይብል ራሱ እኮ ድሮ ትንሽ መጽሐፍ ማለት ነበር፣ ምስኪን፣ ምንም የማያውቅ—»

«እሱን ለሌላ ቀን።»

«ስካንዳል የሚባለውም ወንድሙ ነው! ከአንድ እናት—»

«ጋሽ ሃብተአብ!»

«እሺ።»

ዙለይካ ትንሽ አሰበች። ስታስብ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ለሰፈሩ ብቸኛዋ ጸጥታ እሷ ናት። «እና የኔም እንደሱ ነው የሄደው» አለች። «ግሪኮቹ ድንጋይ ብለው ለቀቁት፣ እንግሊዝ ሲደርስ ስም ማጥፋት ሆነ። እርስዎ ላንቻ ላይ ቀጭ ቀጭ ብለው ለቀቁት፣ ገላን ሲደርስ ጡብ ሆነ።»

«በጣም ጥሩ!» ጋሽ ሃብተአብ ጠረጴዛውን መቱ፤ ጎበዝ ተማሪ ያገኙ መስሏቸው። «በጣም ጥሩ ምሳሌ!»

«ታዲያ መጀመሪያ የለቀቀው ማነው?»

ጠረጴዛውን የመታችው እጅ ቀስ ብላ ወደ ጉልበታቸው ተመለሰች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች ዙለይካ። «ዳቦውስ? ያን ቀን የበሉት ዳቦ ቀጭ ቀጭ አላለም?»

«ዳቦው…»

«መንገዱ እየተቆፈረ፣ አቧራው ድንኳን ውስጥ እየገባ፣ በርበሬዬ ብቻ ነው ጥርስዎ ላይ የወጣው?»

ጋሽ ሃብተአብ የቀኝ ጉንጫቸው ውስጥ ምላሳቸውን አዞሩ፤ የዚያን ቀን ዳቦ የሚፈልጉ ይመስል። ዙለይካ አየች። ልቧ ቂቤ ጠጣ።

«እርስዎ በአገራችሁ የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚመጣው ይሉን አልነበረም? እዚያ ካዛንቺስ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ ሆነው? ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ የተበደለው ‹ይቅር ብያለሁ፣ ጣለው› እስኪለው አያወርድም ብለውን?»

«እሱ ለደም ነው! ሰው ለገደለ! ለምስር ወጥ አይደለም!»

«ድንጋዩን ከመንገድ ያነሱት እርስዎ ነዎት፤ ይሸከሙት።»

«ወይ አምላከ እስራኤል! ዙለይካ፣ እኔ በዚህ ዕድሜዬ—»

«ቅዳሜ» አለች። «በሬ ላይ። አቶ ብርሃነ ሽማግሌ ሆኖ ይምጣ፣ ጀማነሽም ትምጣ። አርባው ላይ ከመናገርዎ በፊት እኔ ፊት ይናገሩ።» ተነሥታ ሄደች። ረዳቱ «ቦሌ! ቦሌ!» ማለቱን ቀጠለ።

እስከዚህ ድረስ ዙለይካ አሸናፊ ናት። ነገር የተበላሸው በማግስቱ ነው።

ሽሮ ልታስፈጭ ላንቻ ወዳለው ወፍጮ ቤት ስትሄድ ወፍጮው ቆሟል። ሙክታር፣ የወፍጮው ባለቤት፣ ድንጋዩን ገልብጦ በመዶሻ እየወቀረ ነው። ድንጋይ ሲለሰልስ እህል አይቆርጥም፤ ስለዚህ ይወቀራል። የተወቀረ ድንጋይ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ዱቄት ውስጥ ብናኙን ይጥላል። ይሄን የማያውቅ የወፍጮ ሰው የለም። ዙለይካ በራሷ ወፍጮ ጊዜ ከውቅራት በኋላ ሁልጊዜ መጀመሪያ ፉርሽካ ታስኬድበት፣ እሱን ትደፋ ነበር። ያን የተደፋ ዱቄት ሰው ሲነካው ካየች፣ ጩኸቷን የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ነበር የሚሸሸው።

«ሙክታር፣ ከዚህ በፊት መቼ ነበር የወቀርከው?»

«ለእማማ አርያም ለቅሶ በርበሬ ያመጣሽ ሰሞን ነዋ።»

«ከሱ በፊት ወይስ በኋላ?»

«ኧረ እኔ በየት አውቄ! ወይ ያንቺን ፈጭቼ ወቀርኩ፣ ወይ ወቅሬ ያንቺን ፈጨሁ። አንዱን ነው።»

«ፉርሽካ አስኪደህበታል?»

«ከወቀርኩ እንግዲህ አስኪጄ ይሆናላ» አለ፣ መዶሻውን እያነሳ። «ምነው?»

«ምንም።»

ሽሮውን ሳታስፈጭ ተመለሰች። ከዚያ ለቅሶ በርበሬ የተረፈ አንድ ከረጢት ከሱቋ ኋላ አለ። አወጣችው፣ ፈታችው። ቀለሙ ያምራል፣ ሽታው ያምራል። ቁንጥር አነሳችና አንጓዋ ላይ አደረገች። እጇን ወደ አፏ አመጣች። እና፣ ዙለይካ ዙለይካ ከተባለች ጀምሮ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች፤ ሳትልስ አራገፈችው። ሌላ ቀን ቢሆን ሙክታር ላይ ስትጮኽ ትውል ነበር፤ እሷ ግን አልጮኸችም። ከረጢቱን መልሳ አሰረችና ከሩዙ ጆንያ ኋላ ገፋችው። ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ጎረቤቶቿ ታማለች ብለው ሎሚ ላኩላት።

ቅዳሜ ደረሰ። አቶ ብርሃነ ከዘራውን ይዞ መጣ። አቶ ብርሃነ «እንግዲህ» ሳይል ዓረፍተ ነገር ጀምሮ አያውቅም፤ «እንግዲህ እንደምን አደራችሁ» ነው የሚለው። ጀማነሽም መጣች። በሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ወጣ። በመጨረሻ ጋሽ ሃብተአብ፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ባዶ እጃቸውን ከች አሉ።

«እንግዲህ ድንጋዩስ?» አለ አቶ ብርሃነ።

ጋሽ ሃብተአብ እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱና አወጡ። መዳፋቸው ላይ የሆነች ነገር አለች።

ጀማነሽ ጎንበስ ብላ አየቻት። «መምህር፣ ይሄ እኮ ከምስር የተለቀመ ነው።»

«ድንጋይ ተባልኩ፣ ድንጋይ ነው። ስለ መጠን የተነጋገርነው ነገር የለም።»

«እንግዲህ» አለ አቶ ብርሃነ፣ «ኪስ ውስጥ የሚገባ ድንጋይ ይቅርታ ሳይሆን ጠጠር ነው።»

ዙለይካ ምንም ሳትል ገባችና መጇን ይዛ ወጣች፤ ያቺን ነጭ ሽንኩርት የምታደቅባትን ሁለት እጅ የምትፈልግ የወፍጮ ልጅ። ጋሽ ሃብተአብ አይተው «ዋይ» አሉ በትግርኛቸው። ተማጸኑ፣ ተከራከሩ፣ ወገባቸውን ጠቀሱ፣ ደም ግፊታቸውን ጠቀሱ። ጀማነሽ «ግማሽ ኩንታል መጽሐፍ ሲሸከሙ አይቼዎት የለ እንዴ!» አለች። በመጨረሻ ማጅራታቸው ላይ ተደረገ። በሁለት እጃቸው ደግፈው ጎንበስ አሉ። የላንቻ መንገደኛ ደግሞ አያሳፍርም፣ ይቆማል። አንድ ከረባት ያሰረ ጎልማሳ መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ «መምህር! ደህና ነዎት?» አላቸው።

«ፋይን፣ ታንክ ዩ» አሉ ከድንጋዩ ሥር።

«እንግዲህ ተናገር» አለ አቶ ብርሃነ።

ጋሽ ሃብተአብ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀልዱ ከፊታቸው ጠፋ። «ዙለይካ፣ አስቤበታለሁ። ያን ቀን ዳቦውም ቀጭ ቀጭ ይል ነበር። ውሃው ላይ እንኳን አቧራ ነበረበት። እኔ ያንን ትቼ ያንቺን ብቻ አነሳሁ፤ ያውም አፌን ከፍቼ። ስምሽ የት እንደደረሰ ሰምቻለሁ፣ አዝኛለሁ። አርባው ላይ ይሄንኑ፣ አቶ ብርሃነ በሚሰማው ድምፅ፣ እናገራለሁ።»

ጀማነሽ «እሰይ» አለች። አቶ ብርሃነ ከዘራውን አነሳ። አሁን የቀረው የዙለይካ ቃል ነው፤ «ይጣሉት» ትላለች፣ ድንጋዩ ይወድቃል፣ ሻይ ይመጣል፣ ያልቃል። ዙለይካም አፏን ከፈተች።

«ግን» አሉ ጋሽ ሃብተአብ።

«እንግዲህ ምን ግን አመጣው?»

«አርባ ላይ ልዋሽ አልችልማ። ምስሩ ይበልጥ ነበር።»

«ምኑ?»

«ቀጭ ቀጭታው። ከዳቦው ምስሩ ይበልጥ ነበር። ትንሽ። ግን ይበልጥ ነበር።»

«መምህር፣ ምናለ ትንሿን ቢውጧት!» ብላ ጀማነሽ ራሷን ያዘች። ሁሉም ዙለይካ እስክትፈነዳ ጠበቀ። ጎረቤት ያሉት ጆሯቸውን ለመሸፈን ተዘጋጁ። ዙለይካ ግን አልፈነዳችም። ወደ ሩዙ ጆንያ እንዳይዞር አንገቷን አጥብቃ ይዛዋለች።

«አንድ መንገድ አለ» አለች ጀማነሽ። «ከዚያ ከራሱ በርበሬ የቀረ ካለ፣ እዚህ፣ በር ዘግተን፣ ምስሩን እኔ ራሴ ለቅሜ እሠራዋለሁ። ድንኳን የለም፣ ቁፋሮ የለም። ከዚያ ይታያል። ዙሌ፣ ቀርቷል?»

አልቆ ነበር ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት፤ «አልቋል» ትላለች፣ መምህሩ «ትንሽ ይበልጥ ነበር»ን ይዘው ይሄዳሉ፣ ሰዉ ግማሹን ያምናል፣ ግማሹን አያምንም፣ ጥርሱን እያዳመጠ ይኖራል። ዙለይካ ከንፈሯን ነከሰች። ሰፈሩ ጸጥ አለ።

«አለ» አለች። «ኋላ አለ።» ከዚያ ድምፅዋ ተመለሰ፣ ያ የሞተሩ። «እንወራረዳለን! ቀጭ ካለ፣ አርባው ላይ እኔ ራሴ፣ በዚህ አፌ፣ ‹መምህሩ እውነታቸውን ነው፣ በርበሬዬ ድንጋይ ነበረበት› ብዬ እቆማለሁ። ካላለስ? ካላለስ ምን ያደርጋሉ?»

«ካላለ» አሉ ጋሽ ሃብተአብ ከጎንበሱበት፣ «እዚህ በርሽ ላይ ሽርጥ አስሬ በርበሬ እቀነጥሳለሁ።»

«ፋሲካ ድረስ!»

«ፋሲካ ድረስ።»

«ያስተማሯቸው ሁሉ እያዩ!»

«ሁሉም። አምጪ እጅሽን።»

እጃቸው ግን ድንጋዩን ይዟል። ዙለይካ ክርናቸውን መታች፤ ውርርዱ እሱ ሆነ። «ይጣሉት» አላለችም። እሳቸውም «ልጣለው?» አላሉም። ሁለቱም ግትር ናቸው፤ እግዜር ሲፈጥራቸው ከአንድ ጭቃ ነው።

ሁሉም ወደ ውስጥ ገቡ፣ ጋሽ ሃብተአብም ከነድንጋያቸው፤ ጀማነሽ ምስሩን በብርሃን ፊት ፍሬ በፍሬ ለቀመች። መስኮት ተዘጋ፣ በሩ ተገፋ፤ በስንጥቁ በኩል የመንገደኛ ዓይን ይታያል። ሽንኩርቱ ቁሌቱን ያዘ፣ በርበሬው ገባ፣ ቤቱ አስነጠሰ። ጋሽ ሃብተአብ ድንጋዩን ይዘው ማስነጠስ ሲሞክሩ አቶ ብርሃነ በከዘራው ደገፋቸው።

«ጨው አይጨመርም?» አሉ ጋሽ ሃብተአብ።

«ጨው ነው ቀጭ ያለው ብላ ልታመካኝ?» ብለው ራሳቸው መለሱ ቀጥለው።

«እርስዎ ነዎት የሚያመካኙት! ጨው የለም!» አለች ዙለይካ። «ማን ይቅመስ መጀመሪያ?»

«እንግዲህ እኔ ሽማግሌው ልቅመስ» አለ አቶ ብርሃነ።

«አንተ ቀጭ ቢልስ በምንህ ትሰማዋለህ?» አለች ጀማነሽ።

ክዳኑ ተነሳ። ምስሩ ያበራል፣ ቀይ፣ ፍልቅ ፍልቅ ይላል። ጀማነሽ ሁለት ማንኪያ ቀዳችና ሁለቱንም ለዙለይካ ሰጠቻት፤ አንዱ የሷ፣ አንዱ የመምህሩ። የመምህሩ እጅ ስላልተፈታ ዙለይካ ነች ያጎረሰቻቸው፣ መዳፏን ከአገጫቸው ሥር አድርጋ፣ እንዳይንጠባጠብባቸው። የራሷ ማንኪያ በሌላ እጇ ቀረ።

ጋሽ ሃብተአብ አፋቸውን ገጠሙ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቤቱ ውስጥ የሚተነፍስ ሰው ጠፋ፤ በስንጥቁ የነበሩት ዓይኖች እንኳን አልተርገበገቡም።

«እህ?» አለች ዙለይካ። ሹክሹክታ ነበር።

ጋሽ ሃብተአብ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እንባቸው መጣ፣ ጉንጫቸው ወዲህና ወዲያ ሄደ።

«ቆይ እስቲ» አሉ ምስሩን አፋቸው ውስጥ እያገላበጡ። «ትኩስ ነው። ገና አላኘክሁም።»